የክቡርነታቸው ክብደት

ክቡር አቶ ኢዮስያስ መንገሻ ወደ አየር የሚወጡት ሐሙስ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ክብደታቸው ሰማንያ አራት ኪሎ መሆኑን የሚገልጸው ባለማኅተም ወረቀት ግን ማክሰኞ ማለዳ ደረሰ።

ሶልያና ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። በአዳማ የከፍታ አዳራሽ ገመድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሰባ ኪሎ በታች የሚል ወረቀት ደርሷት አያውቅም። ቀጫጭን ዳይሬክተሮች፣ ከሕመም ያገገሙ ኮሚሽነሮች፣ ኮታቸው ውስጥ የጠፉ ምክትል ኃላፊዎች፣ ሁሉም በወረቀት ላይ ከባድ ነበሩ። ምክንያቱ ምሥጢር አልነበረም። "ቀላል ሰው" መባል የሚፈልግ ሹም የለም። ስለዚህ ሹመት ሲጸድቅ ክብደትም አብሮ ይጸድቃል፦ የክፍል ኃላፊ ሰባ፣ ዳይሬክተር ሰባ ስምንት፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሰማንያ አራት። ሹሙ ከተጻፈው በታች ነው ብሎ አፉን የከፈተ ሠራተኛ "ክብር በማቅለል" ይከሰሳል። ወደ አዳራሹ ሚዛን ማስገባት ክልክል ነው። በሩ አጠገብ ያለችው ባለሱቅ እንኳ ስኳር የምትሸጠው በስኒ እየሰፈረች ነው።

"ስንት ይላል?" አሉ ጋሽ ያፌት መታጠቂያቸውን እየጠጋገኑ።

"ሰማንያ አራት።"

"ሰውየውን አይተሽዋል?"

"ገና ነው።"

"እኔ አይቼዋለሁ። ትናንት ከመኪና ሲወርድ ነፋስ ነበር። ጠባቂው ክንዱን ይዞ ነው ያስገባው።"

ጋሽ ያፌት የሚዛን ሰው ናቸው። አሠራሩ ከጉድጓድ ውሃ መቅጃ ብዙም አይለይም። ገመዱ ጣራው ሥር ባለው መዘውር ላይ ያልፋል፤ በአንዱ ጫፍ ሹሙ፣ በሌላው ጫፍ ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ ያፌት ይታሰራሉ። ጋሽ ያፌት ከነጫማቸውና ከነመሣሪያ ቀበቷቸው ሃምሳ አራት ኪሎ ናቸው። የጎደለውን እያንዳንዳቸው አምስት ኪሎ የሆኑ፣ አብሯቸው በሚታሰር ሳጥን ውስጥ የሚደረደሩ የብረት ጡቦች ይሞሉታል። ሹሙ ሲወጡ ጋሽ ያፌት ዘጠኝ ሜትር ወደሚጠልቅ ጉድጓድ ይወርዳሉ። "እኔ ስወርድ ነው አገር ከፍ የሚለው" ማለት ይወዳሉ። ሞተር የለም። ሞተር ያለበትን ነገር ሰው አያምንም።

የሶልያና ቦታ ከሁለቱ መሐል ነው። ገመዱን ወለሉ ላይ በተተከለው የወይራ ግንድ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ ትይዛለች፤ ትለቃለች፣ ታግታለች፣ ታሳርፋለች። ሥራውን ያስተማሯት ሴትዮ "ሚዛኑ እውነት ከሆነ ሰውን በሁለት ጣት ታበሪዋለሽ" ይሏት ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በሁለት ጣት አላበረረችም። ሁልጊዜ በሁለት እጅ፣ በወገብ፣ እግርን ግንዱ ላይ ተክሎ ነበር።

በስክሪን ላይ ያየውን ያመነ የመጨረሻው ሰው የሶልያና አያት ነበሩ። ከእሳቸው ወዲህ ምስል ምንም ሊያደርግ እንደሚችል ሁሉም ስላወቀ፣ ማንም ምንም አያምንም ነበር። ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ በአካል መታየት ነበረበት። መታየት ብቻውን ሲለመድ ደግሞ ከፍ ብሎ መታየት መጣ። ከፍታ የሚለው ቃል መጀመሪያ የንግግር ማሳመሪያ ነበር፤ ወደ ከፍታ፣ በከፍታው ላይ፣ ከከፍታ ወደ ከፍታ ይባል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሰው ቃሉን እንዳለ ወሰደው። አሁን እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር አንድ ቀን አንድ ሰው ለዓይን ተራ ይልካል። ባለተራው ስልኩን በር ላይ ትቶ ይገባል፣ ያያል፣ ሲወጣ "በዓይኔ አየሁ፤ ገመድ አላየሁም" የሚል ቅጽ ላይ ይፈርማል። ገመድ መኖሩን የማያውቅ የለም።

ክቡር አቶ ኢዮስያስ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለልምምድ መጡ። የዝናብ ድልድል መሥሪያ ቤት አዲሱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ የትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ደመና እንደሚደርሰው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። የሥነ ሥርዓት ኃላፊያቸው ወይዘሪት ማራማዊት መዝገቧን አቅፋ ከኋላ ትከተላለች። ክቡርነታቸው አጠር ያሉ፣ የኮታቸው ትከሻ በጥጥ የተሞላ፣ አንገታቸው በኮሌታው ውስጥ እንደ ምንቸት ውስጥ ማማሰያ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበሩ።

"እዚህ ይቁሙልኝ" አለች ሶልያና፣ ከመድረኩ ጣውላዎች ሰባተኛውን እያሳየች።

"ለምን እዚህ?" አለች ማራማዊት።

"መብራቱ የሚያምረው እዚህ ነው።"

ውሸቷን ነበር። ሰባተኛው ጣውላ ከስልሳ ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ሲቆምበት ሲጥ ይላል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ክቡርነታቸው ወጡበት። ጣውላው ዝም አለ። ወደ ቀኝ እንዲዞሩ ጠየቀቻቸው፤ ዞሩ። ወደ ግራም ዞሩ። ጣውላው ዝም አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ ያፌት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ።

"አሁን ክቡርነትዎ ጉልበትዎን ትንሽ ያጥፉልኝ።"

"ምኔን?"

"ጉልበትዎን። ተመልካች የሚያምነው በገመዱ ቅጥነት አይደለም። ገመዱን አጥቁረነዋል፣ መብራቱ ከጎን ነው የሚመጣው፣ የኋላው መጋረጃም በቀጫጭን ቁም መስመር የተሸመነ ስለሆነ ገመዱ ከመስመሮቹ አንዱን ይመስላል። ዋናው ግን ጉልበት ነው። የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሳይል የወጣ ሰው የተጎተተ እንጂ የበረረ አይመስልም። ሲያርፉም እንደዚያው ነው።"

ክቡርነታቸው ወደ ማራማዊት ተመለከቱ።

"ክቡርነታቸው ጉልበት አያጥፉም፣ እትዬ ሶልያና" አለች ማራማዊት። "በሕዝብ ፊት ጉልበቱን የሚያጥፍ ማን እንደሆነ ያውቃሉ።"

"የሚዘል ሰው ያጥፋል።"

"ክቡርነታቸው አይዘሉም። ከፍ ይላሉ።"

"ፌንጣም ያጥፋል" የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። "ሳያጥፍ የሚወጣ ጭስ ብቻ ነው።"

"ማነው እሱ?" አሉ ክቡርነታቸው።

"ሚዛኑ ነው" አለች ሶልያና።

ጉልበታቸውን አላጠፉም። በዚያ ቀን ከመሬትም አልተነሱም፤ ሶልያና ገመዱ መፈተሽ አለበት ብላ ለረቡዕ አስተላለፈችው። ሲወጡ ክቡርነታቸው ወደ ኋላ ቀረት አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት። "ከዚህ የወደቀ አለ?" በዚያች ቅጽበት ሹም አይመስሉም ነበር፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ይመስሉ ነበር። ሶልያና ልታዝንላቸው ምንም አልቀራትም።

"ከዚህ የወደቀ ሹም የለም" አለቻቸው። የወደቁት ሌሎች ነበሩ፤ እሱን ግን አልጠየቋትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሶልያናና ጋሽ ያፌት የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳምቡሳ በሉ። ጋሽ ያፌት ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል። ግራ ጉልበታቸው በብርድ ጊዜ አይታዘዝም።

"ስንት አየሽው?"

ሶልያና ዙሪያዋን ቃኘች። "ሃምሳ አንድ።"

ጋሽ ያፌት ሳምቡሳቸውን ወረቀቱ ላይ መልሰው አስቀመጡት። "ሠላሳ ሦስት ኪሎ ውሸት" አሉ። "ዘጠኝ ሜትር ጉድጓድ።"

ሁለቱም ናኦድን አስታወሱ። ናኦድ በሌላ አዳራሽ የሚዛን ሰው ነበር። አምና አንድ ሹም በወረቀት ሰባ ስምንት፣ በገላቸው ስልሳ ሆነው መጡ። ሹሙ እንደ ቡሽ ሲመነጠቁ ናኦድ እንደ ድንጋይ ወረደ፤ ዳሌው ተሰበረ። የምርመራው ሪፖርት "የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት" አለ። ሹሙ ግን ለፈጣን አነሳሳቸው ተሸለሙ።

"ጡብ ቀንሽልኝ" አሉ ጋሽ ያፌት።

"ሳጥኑ በወረቀቱ ልክ ተሞልቶ ነው የሚታሸገው። ካልተስተካከለ ሁለታችንም እንከሰሳለን።"

"እንግዲያው ታምሜያለሁ ልበል?"

"ቢታመሙ ሌላ ሰው ነው የሚያስሩት። ያ ኤርሚያስ የሚባለውን፣ ባለፈው ወር ሚስቱ የወለደችውን።"

ጋሽ ያፌት ሳምቡሳቸውን አንስተው ጨረሱት። ምግብ የሚያስተርፉ ሰው አልነበሩም።

ከሰዓት በኋላ ሶልያና ማራማዊትን ልብስ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ማራማዊት የክቡርነታቸውን ካባ ስትተኩስ ነበር፤ ቀይ ከፋይ፣ ጠርዙ ወርቅማ።

"እህቴ፣ ይህ ካባ ለእሳቸው ማዕረግ ቀለለ።"

ማራማዊት ቀና አለች። ያ ቃል በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲሁ አይነገርም።

"ካባውን ነው ያልኩት" አለች ሶልያና ቶሎ ብላ። "እንዲህ ያለ ካባ አየር ላይ ይውለበለባል። ክብር ያለው ካባ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጠርዙ ውስጥ እርሳስ ቢሰፋበት…"

"ምን ያህል?"

"ሠላሳ ሦስት ኪሎ።"

ካውያው ከፋዩ ላይ ትንሽ ቆየ። ማራማዊት ብልህ ልጅ ነበረች፤ መቀነስ ታውቃለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሶልያና አየች፦ ሰማንያ አራት፣ ሲቀነስ። ከዚያ ካውያውን አነሳች።

"ለክብር ያህል" አለች።

"ለክብር ያህል። ክብደቱን መታጠቂያው ይሸከምላቸዋል፤ አንገታቸውን አይጎዳም። ግን ሁለት ማያያዣ ይኑረው፤ አንዱ ከኋላ፣ እሳቸው የማይደርሱበት።"

"ደንቡ አንድ የወርቅ ማያያዣ ነው የሚለው። ከፊት።"

"አየር ላይ እንዳያወልቁት።"

"ለምን ያወልቁታል?" አለች ማራማዊት፣ እውነት ገርሟት። "ካባ ያወለቀ ሹም አይተው ያውቃሉ?"

ረቡዕ ካባው ደረሰ። ሁለት ሰዎች ተሸክመው አለበሷቸው። ክቡርነታቸው ሦስት እርምጃ ሄዱና ቆሙ፤ ፊታቸው ቀላ። "አዎን" አሉ። "ክብደት ማለት ይኸው ነው።" ሰባተኛው ጣውላ ላይ ሲቆሙ ሲጥ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ ያፌት በረጅሙ ተነፈሱ።

ሁለቱ ወገን በቁጥር እኩል ነበሩ። ሶልያና በሁለት ጣት ልሞክረው ብላ ገመዱን ነካች። አልሆነም። ካባው ከኋላ እንደ ቃጭል ይወዛወዛል፣ ገመዱ ይንቀጠቀጣል፤ በእርሳስ የተሞላ ጉድለት ጉድለትነቱን አይተውም። በሁለት እጇ ያዘችው። ክቡርነታቸው ወጡ፣ በመድረኩ ላይ ተንሳፈፉ፣ ወረዱ። ጉልበታቸው እንደ ቆመ ሳንቃ ነበር። አንዴ ደገሙት፣ ሁለቴ ደገሙት።

ከሦስተኛው በኋላ ክቡርነታቸው መታጠቂያቸው ሳይፈታ ለማራማዊት እንዲህ አሏት፦ "ታውቂያለሽ፣ የሚያስፈልገው ማሰብ ብቻ ነው። ወደ ላይ ሳስብ እሄዳለሁ።"

ሶልያና ይህን ስትሰማ አልሳቀችም። ከሦስተኛው ልምምድ በኋላ ሁሉም ገመዱን ይረሳሉ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ያስቃት ነበር፤ ከዚያ ያናድዳት ነበር፤ አሁን እንደ ጉንፋን ምልክት ነው የምትቆጥረው።

ሐሙስ አዳራሹ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሞላ። የዓይን ተረኞች የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው፣ የዘወትር ፊታቸውን ይዘው ገቡ። አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ የመሥሪያ ቤቱን ባጅ አላወለቀም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወፈር ያለች ሴት እጇ ላይ የልብስ መቆንጠጫ እንደ አምባር ደርድራ ተቀምጣለች፤ ከማስጫው ገመድ ስር በቀጥታ እንደመጣች ያስታውቃል። በደንቡ መሠረት ሹሙ እስኪያርፍ ድረስ ከአዳራሹ መውጣት አይቻልም። ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።

ማራማዊት የብረት ሳጥኑን በስድስት ጡብ ሞልታ አሸገችው። ጋሽ ያፌት ከሳጥኑ ጋር ታሰሩ።

"ሶሊ" አሉ።

"አቤት ጋሼ።"

"ካባውን ልብ በይልኝ።"

ደወሉ ተደወለ። ክቡርነታቸው ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ወጡ፣ እንደተጎተተ ሰው። ሕዝቡ በልማድ አጨበጨበ። አንድ ሜትር፣ ሦስት ሜትር። እጃቸውን ዘረጉ። አምስት ሜትር። ስድስት ሜትር ላይ፣ እንደተለማመዱት፣ ሶልያና አቆመቻቸው። ንግግራቸው የሚጀመረው እዚያ ነበር።

አንድ ሰው ግን፣ ምናልባት አበል የሚከፈለው፣ "ከፍ!" ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ተቀበሉት። "ከፍ! ከፍ! ከፍ!"

ክቡርነታቸው ወደ ላይ ተመለከቱ። እንዳሰቡ ያስታውቃል። ወደ ላይ አሰቡ፤ አልሄዱም። እንደገና አሰቡ። ከዚያ ምን እንደያዛቸው የገባቸው መሰላቸው፤ እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ።

"አይሆንም" አለች ሶልያና፣ ለራሷ።

የወርቁ ማያያዣ ተከፈተ። ካባው ወደቀ። እንደ ጨርቅ አልወደቀም፤ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ነው የወደቀው። ሰባተኛው ጣውላ ለሁለት ተሰበረ። ክቡርነታቸው ወደ ጣራው ተመነጠቁ፣ ገመዱ በሶልያና መዳፍ ውስጥ እንደ እሳት ሮጠ፣ ከጉድጓዱም የጋሽ ያፌት ድምፅ መጣ፤ ቃል ያልነበረው ድምፅ። ሶልያና ራሷን ወደ ኋላ ወርውራ ገመዱን ግንዱ ላይ ሦስተኛ ዙር ጠመዘዘችው። ወይራው ጨሰ። ገመዱ ቆመ።

"ጋሽ ያፌት!"

መልስ የለም።

"ጋሽ ያፌት!"

"አለሁ" አሉ ከታች። "ሲሚንቶው አንድ ክንድ ሲቀረው። ሽንት ቤት ይሂዱ እንዳትዪኝ ብቻ፣ አምልጦኛል።"

ሶልያና መዳፎቿን አየቻቸው። ቆዳው ተልጦ ነበር። ከዚያ በመጋረጃው ክፍተት ወደ ላይ አየች። ክቡርነታቸው ጀርባቸው የጣራውን ወራጅ ተደግፎ፣ ከሁለት እርግቦች መሐል ነበሩ። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል። እንዲህ ከፍ ያለ ሹም በአዳማ አልታየም።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ጭብጨባው ደከመ።

"ያውርዷቸው" አለች ማራማዊት ከንፈሯ ነጥቶ።

ሶልያና ልታወርዳቸው ትችል ነበር። ጋሽ ያፌትን ከገመዱ ፈትታ፣ በግንዱ ላይ ቀስ እያለች በመልቀቅ፣ ማንም ሳያውቅ። ለሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው፤ የሌላ ሰው ውሸት ሰው እንዳይገድል ከመጋረጃው ጀርባ ማስታመም። የተላጠ እጇን አየችና ደንቡ ትዝ አላት።

"ሹሙ አየር ላይ ሳሉ ሚዛን አይፈታም" አለች። "ሳጥኑ የሚከፈተው ሹሙ ክብደታቸውን በራሳቸው አንደበት፣ በምስክር ፊት ሲያሳውቁ ብቻ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ። እናንተ ናችሁ የጻፋችሁት።"

ገመዱን በድርብ ቋጠሮ ግንዱ ላይ አሰረችና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የገመድ ሠራተኛ ተመልካች ፊት ወጥቶ አያውቅም።

"ክቡርነትዎ" አለች ወደ ላይ። "ስንት ኪሎ ነዎት?"

"ወረቀቱ ላይ አለ!" የሚል ድምፅ ከጣራው መጣ።

"ከወረቀቱ ገሚሱ እዚህ ወድቋል" አለች፣ ካባውን በእግሯ እየነካች።

"ሰማንያ አራት!"

"እሺ" አለች ሶልያና፤ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ሁሉም ጠበቀ። እርግቦቹም ጠበቁ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ ሹማምንት ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ ያቺ ባለመቆንጠጫ ሴት ብድግ አለች።

"አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸች። ሹም አንተ ሲባል በሕይወቱ የሰማ ጥቂት ነበር። "የሰፈራችን ደመና ሰባት ሰዓት ላይ ነው! አንተው ነህ የፈረምከው! ልብሴ ተሰጥቷል፣ ተናገርና እንሂድ! እኔ ዘጠና ሁለት ኪሎ ነኝ፣ ምን አመጣብኝ?"

አንድ ሰው ሳቀ። "እኔ ስልሳ ሰባት!" አለ ሌላው። "አርባ ዘጠኝ!" አለች ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ "ከነነጠላዬ!"

"ሰባ አራት!" አሉ ክቡርነታቸው ከጣራው።

ማራማዊት ባለተረከዝ ጫማዋን አውልቃ በብረት መሰላሉ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ማኅተሙ ሲሰበር ተሰማ። ሁለት ጡቦች ሲሚንቶ ላይ ወደቁ፦ ዷ፣ ዷ። ሶልያና ወደ ግንዱ ተመልሳ ገመዱን አላልታ ሞከረችው። ክቡርነታቸው ከወራጁ ንቅንቅ አላሉም።

"ገመዱ አላመነም" አለች።

"ስልሳ አራት!"

ዷ፣ ዷ። አሁን አዳራሹ ጡቦቹን አብሮ ይቆጥር ነበር። አልወረዱም።

"ሃምሳ… አራት!"

ዷ፣ ዷ። ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ሶልያና አላላችው። ክቡርነታቸው እዚያው ናቸው። ከጉድጓዱ የጋሽ ያፌት ድምፅ መጣ፤ መልሶ የሚያስተጋባው ሲሚንቶ የሰባኪ ድምፅ አስመስሎታል።

"ክቡርነትዎ! ጡቡ አልቋል! ከእንግዲህ የሚቀነሰው ከእኔ ነው! አሁንስ ይማሉ?"

ሳቁ ረጅም ነበር። ሲያበቃ ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር ተናገሩ።

"አልተሰማም" አለች ሶልያና።

"ሃምሳ አንድ።"

ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ ያፌት ጫማቸውን አወለቁ፤ ብረት ያለበት የሥራ ጫማ ነው። የመሣሪያ ቀበቷቸውንም ፈቱ። ሁለቱም ታች ሲወድቁ ተሰማ። ሶልያና ቋጠሮውን ፈታች፣ ዙሮቹን አንድ በአንድ ከግንዱ አወጣች። ሦስተኛው፣ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው። ገመዱ ምንም አልጎተታትም። በአንዱ ጫፍ ባዶ እግራቸውን የሆኑ አንድ ሠራተኛ፣ በሌላው ጫፍ ካባ የሌላቸው አንድ ሹም፤ በመሐሉ ዝምታ።

በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘችው።

ክቡርነታቸው ወረዱ። እንደ ላባ አልነበረም፤ ላባ ይወላውላል። አየሩ ራሱ ወዶ እንደሚያስቀምጠው ነገር ነበር። ያስተማሯት ሴትዮ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ ሶልያና አታውቅም፤ እሳቸውም ሲነግሯት የኖሩትን በዓይናቸው አይተውት ይሁን አይሁን ጠይቃቸው አታውቅም ነበር። የክቡርነታቸው እግር መድረኩን ነካ፣ ከተሰበረው ጣውላ ጎን። ሳይፈልጉት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ጉልበታቸው ታጠፈ።

በሩ ላይ ባለመቆንጠጫዋ ሴት ቅጹን ተቀብላ ፈረመች። "በዓይኔ አየሁ፤ ገመድ አላየሁም።" ብዕሩን ስትመልስ ለፈራሚዎች ተቆጣጣሪው "ዛሬ እንኳ እውነቴን ነው" አለችው። "ሰውየውን ሳይ ረሳሁት።" ከዚያ ወደ ልብሷ ሮጠች።

ዓርብ ማለዳ ባለማኅተም ወረቀት ደረሰ። ሶልያና ቆማ አነበበችው። ትናንት የተፈጠረውን መስተጓጎል አጣሪ ኮሚቴ መርምሮታል። የክቡር አቶ ኢዮስያስ ክብደት ሰማንያ አራት ኪሎ መሆኑ እንደገና ተረጋግጧል። የመስተጓጎሉ ምክንያት የሚዛን ሠራተኛው አቶ ያፌት ከመጠን በላይ ከባድ መሆናቸው ነው። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ ከጉድጓዱ ሥራ ተነስተው እስከ ጡረታቸው ድረስ መጋረጃ እንዲጠብቁ ተወስኗል። የሚዛኑ ሥራ በሌላ ሰው ይሸፈናል።

"እንደገና አንብቢልኝ" አሉ ጋሽ ያፌት። "ያቺን ቦታ።"

"'ከመጠን በላይ ከባድ መሆናቸው።'"

"ማኅተም አለው?"

"አለው።"

ጋሽ ያፌት ወረቀቱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሃምሳ አንድ ኪሎ፣ ከነጫማቸው ሃምሳ አራት።

"ስልሳ ሦስት ዓመት ኖሬ" አሉ፣ "ከባድ ሰው መሆኔን የመሰከሩልኝ እነሱ ሆኑ።" ምስማር ፈልገው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ሶልያና የታሸገ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለተኛውን ፖስታ ከፈተች። የሚቀጥለው ሐሙስ ሹም ወረቀት ነበር። ሰባ ስምንት ይላል።

"ኤርሚያስን ጥራልኝ" አለች በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ። "ደግሞ አንቀጽ ዘጠኝን በትልቁ ጽፈህ መድረኩ ላይ ለጥፍልኝ። ሹሞቹ ወደ ላይ ሲወጡ እንዲያዩት።"